በመርካቶ የዜማ ፋይሎች ስምና አደራደር

የመርካቶ ገበያ የተቋቋመው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረው የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል። ለእንግዳ ሰው ቅጥና መልክ የሌለው ይመስላል፤ ለነጋዴውና ለነባር ደንበኛው ግን እያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ስፍራ አለው። ሸማ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ የፈለገ ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከውጭ አገር የመጣ ልብስና ጌጥ የፈለገ ወደ ዱባይ ተራ፣ እህል የፈለገ ወደ እህል በረንዳ ይሄዳል። «ተራ» የሚለው ቃል ራሱ ስፍራም፣ ሰልፍም፣ ሥርዓትም ማለት ነው። የገበያው ጥበብ ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አለ።

ከገበያው ሸቀጥ መካከል ግን ተራውን ያጣ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዜማ ነው። ዜማ በሸክላና በካሴት ይሸጥ በነበረበት ጊዜ እንደ ሌላው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ስፍራና ስም ነበረው። በኮምፒዩተር ወደሚነበብ ፋይል ከተለወጠ በኋላ ግን ሺህ ዘፈን ከጥፍር በማይበልጥ ካርድ ውስጥ ስለሚከማች፣ ስሙን በትክክል ካልጻፉለት በቀር ማን እንደ ዘፈነው፣ ማን እንደ ደረሰው፣ መቼና የት እንደ ተቀረጸ ለማወቅ አይቻልም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ምን እንደሚሠሩ፣ በኢትዮጵያ ዜማ ላይ ሲውሉ የት እንደሚሰናከሉና ተመራማሪው እንዴት ሊገለገልባቸው እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው የአውሮፓውያን ዘመን አቈጣጠር ነው። ሁለቱን መለየት ለአንባቢ ምቾት ብቻ የተደረገ ሳይሆን፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ የነገሩ አንድ ክፍል ነው።

ከሸክላ ወደ ፍላሽ

የኢትዮጵያ ዘፈን በመሣሪያ ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ እ.ኤ.አ. 1908 ነው፤ በዚያ ዓመት ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አምኃ እሸቴ በራሱ ስም የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት አቋቁሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አውጥቷል። ከ1970 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ካሴት ሸክላን ፈጽሞ ተካ። ካሴትም በተራው ለሲዲ፣ ሲዲም ለፍላሽና ለሜሞሪ ካርድ ስፍራውን ለቀቀ።

በዚህ ሽግግር ውስጥ ሳይስተዋል የቀረ ጉዳት አለ። ካሴት ከድምፁ ጋር የወረቀት ሽፋን ነበረው። በሽፋኑ ላይ ከዘፋኙ ፎቶግራፍና ከዘፈኖቹ ዝርዝር ጋር «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ የደራሲዎቹና የአቀናባሪው ስም ይጻፍ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ያጀበው ባንድና ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስም ይታከልበታል። ገዢው ሽፋኑን ሳያነብ ቢያልፍ እንኳ ጽሑፉ ከዕቃው ጋር አብሮ ይኖራል። ዘፈኑ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ግን የተገለበጠው ድምፁ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ በመደርደሪያው ላይ ቀርቷል።

«ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ማስታወቂያ በበራቸው የለጠፉ ትንንሽ ቤቶች በመርካቶና በሌሎች የከተማው ሰፈሮች የተስፋፉት ከዚህ በኋላ ነው። ደንበኛው ፍላሹን ወይም ስልኩን ያቀርባል፤ ባለሱቁ ከኮምፒዩተሩ መርጦ ይጭንለታል። 16 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ፍላሽ፣ ዘፈኑ በመካከለኛ ጥራት ከተጨመቀና እያንዳንዱ የ5 ደቂቃ ያህል ርዝመት ካለው፣ ከ3,000 በላይ ዘፈኖችን ይይዛል። ኋላም ሰው በስልኩ ከኢንተርኔት ራሱ ማውረድ ሲጀምር የእነዚህ ቤቶች ሥራ ቀንሷል፤ ነገር ግን በየሰዉ ስልክና በየታክሲው ማጫወቻ ውስጥ ተበትኖ የሚገኘው ክምችት በአብዛኛው የእነርሱን አገለባበጥና የእነርሱን ስም አሰጣጥ የተከተለ ነው። ስሙም ብዙ ጊዜ «ትራክ 07» ወይም «ያልታወቀ ዘፋኝ» የሚል ነው፤ አንዳንዴም የዘፋኙ ስም ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ የሱቁ ስልክ ቍጥር ወይም ዘፈኑ የወረደበት ድረ ገጽ ስም ይገኝበታል።

መለያው ጽሑፍ ምን እንደ ሆነ

አንድ የዜማ ፋይል ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንደኛው በውጭ የሚታየው የፋይሉ ስም ነው። ሁለተኛው ከድምፁ ጋር በዚያው ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው መለያ ጽሑፍ ሲሆን፣ ባለሙያዎች «ታግ» ይሉታል። የፋይሉ ስም እንደ ጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው፤ ዕቃው ወደ ሌላ ጆንያ ሲዛወር ይቀራል። መለያው ጽሑፍ ግን ፋይሉ በተገለበጠበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለካሴቱ ሽፋን ምትክ ሊሆን የሚችለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ኤም.ፒ.3 በተባለው የድምፅ ፋይል ላይ ይህን መለያ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ በፋይሉ መጨረሻ 128 ባይት የሚያህል ቦታ ተከለለ። ከዚህ ውስጥ 3ቱ ባይት መለያው መኖሩን ያመለክታሉ፤ ለዘፈኑ አርእስት 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30፣ ለዓመቱ 4፣ ለማስታወሻ 30፣ ለዘፈኑ ዓይነት 1 ባይት ተመደበ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 የተሻለ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ብዙ አዳዲስ ሣጥኖች ተጨመሩ፤ ለዜማ ደራሲ፣ ለግጥም ጸሓፊ፣ ለአሳታሚ፣ ለሽፋን ሥዕል ሳይቀር ቦታ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው እትም ደግሞ የዓለም ፊደላት ሁሉ በአንድ ዘዴ እንዲጻፉ ተፈቀደ።

መለያ ጽሑፍን ከዜማ ጋር ማያያዝ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባሉት ዓመታት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በድጓው ቃል ላይ ረቂቅ ምልክት በመጻፍ ዜማው እንዳይጠፋ አድርገዋል። ድጓው በየበዓሉ ቀን ተደርድሮ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በየስልቱ ተለይቶ የሚገኘው በዚህ ጥንቃቄ ነው። ደብተራው ምልክቱን የሚጽፈው ለጌጥ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ዘማሪ እንዳይሳሳት ነው። የፋይሉም መለያ ጽሑፍ አገልግሎት ከዚህ የተለየ ሊሆን አይገባውም።

የፊደልና የስም ነገር

የመጀመሪያው ችግር የፊደል ነው። የ1996ቱ መለያ ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለ ነበረ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ይፈጃል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የፊደላት ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ የገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የጥንቱን መለያ ብቻ በሚያነብ ማጫወቻ ላይ በ30 ባይት ቦታ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። «እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ» የሚለው ስም በሦስቱ ክፍት ቦታዎች ጭምር 42 ባይት ይሆናል፤ እንግዲህ «ማርያ» ከሚለው ላይ ተቈርጦ ይቀራል፤ የሚቀጥለውም ፊደል ሲሶው ብቻ ስለሚገባ በስፍራው ትርጕም የሌለው ምልክት ይታያል። ከዩኒኮድ በፊት በልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈው ደግሞ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይነበባል። ብዙ ርካሽ የመኪና ማጫወቻዎችም የግዕዝ ፊደል ስለማያሳዩ የሚጭነው ሰው በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይገደዳል።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንድ ስም ብዙ መልክ ይይዛል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ማሳተም በጀመረው «ኤትዮፒክ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ ላይ የጥላሁን ገሠሠ ስም በፈረንሳይኛ ዘዬ ምልክት ተደርጎበት ይጻፋል፤ በሌሎች አሳታሚዎች ዘንድ ያለ ምልክት፣ አንዳንዴ በአንድ «ኤስ»፣ አንዳንዴ በሁለት ይጻፋል። ለኮምፒዩተር እነዚህ ሁሉ ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው።

በራሱ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍም ችግሩ አይጠፋም። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ስላሉ «ገሠሠ» የሚለው ስም ብቻ በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» ቢለዋወጥ አራት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። «ማሕሙድ አሕመድ» የሚለው ስም በሀሌታው «ሀ»፣ በሐመሩ «ሐ» እና በብዙኃኑ «ኀ»፣ እንዲሁም በአልፋው «አ» እና በዐይኑ «ዐ» ቢለዋወጥ 18 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሰው ሲያነባቸው አንድ ናቸው፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን አንዱን ሲፈልጉ ሌላውን አያመጡም። በፊደል ተራ ሲደረደሩም ይራራቃሉ፤ «ዓለማየሁ እሸቴ» ተብሎ የተጻፈው ከ«ወ» ቀጥሎ ሲገኝ «አለማየሁ እሸቴ» የተባለው ከ«ከ» በፊት ይገኛል። በመርካቶ ቋንቋ ቢነገር፣ አንዱ ሸማ በሁለት ተራ ተከፍሎ ተሸጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው የስም ችግር የአባት ስም ነው። በውጭ አገር የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ሁለተኛውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው በእርሱ ይደረድራሉ። በዚህ ሥርዓት ተሰማ እሸቴ፣ ዓለማየሁ እሸቴና አምኃ እሸቴ የአንድ ቤተ ሰብ ሰዎች መስለው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አባቶቻቸው ግን በስም እንጂ በሰውነት አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ» የተባለው ታላቅ መዝገብም ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው። «እማሆይ»፣ «ነጋድራስ»፣ «አለቃ» የመሳሰሉት ማዕርጎች ሲጨመሩ ደግሞ ፕሮግራሙ ማዕርጉን ስም አድርጎ ይወስዳል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው በእ.ኤ.አ. 2000 እትም ውስጥ አለ። ያ እትም ከሚታየው የዘፋኝ ስም ሌላ ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ የስም ሣጥን ይሰጣል። በመጀመሪያው ሣጥን ስሙ በሸክላው ወይም በካሴቱ ላይ እንደ ተጻፈው፣ ከነፊደሉና ከነማዕርጉ ሳይለወጥ ይጻፋል፤ ምክንያቱም የሰው ስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነውና። በሁለተኛው ሣጥን ግን ማዕርጉ ቀርቶ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተመልሰው፣ የራስ ስም ቀድሞ ይጻፋል። በዚህ መንገድ ታሪኩም ሥርዓቱም ይጠበቃል።

የዓመት ቍጥር

ለዓመት የተሰጠው ሣጥን አራት አኃዝ ብቻ ይቀበላል፤ የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም። ከካሴት ሽፋን ላይ «1985» የሚለውን የገለበጠ ሰው የኢትዮጵያን ዓመት ጽፎ፣ ከውጭ አገር ሲዲ ላይ የገለበጠው ደግሞ የአውሮፓን ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ሲያቆማቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በመካከላቸው ይገባል። በዚህ ዝርዝር ተመርቶ የዘፈንን እድገት ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ የአብዮቱን ዘመን ዘፈን ከአብዮቱ በፊት ያደርገዋል።

«እሬ መላ መላ» የተባለው የማሕሙድ አሕመድ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ይህም እንደ ወሩ 1967 ወይም 1968 ዓ.ም. ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅግ አገር እንደ ገና ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የ«ኤትዮፒክ» 7ኛ ክፍል ሆኖ ወጣ። እንግዲህ አንድ ሥራ ብቻውን አራት ወይም አምስት የዓመት ቍጥር ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል፤ በውጭ አገር ሲዲ የተመራ ሰውም በእጁ ያለው የ1999 ሥራ ይመስለዋል። በኋላ የወጡት የመለያ እትሞች ለመጀመሪያው ኅትመትና ለእጅ ላለው ኅትመት የተለያየ ሣጥን ስላላቸው ሁለቱንም መሙላት ይገባል። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ብቻ የታወቀ ከሆነ፣ አንዱ የኢትዮጵያ ዓመት ሁለት የአውሮፓ ዓመታትን ስለሚነካ፣ በግምት ከመለወጥ ይልቅ በማስታወሻው ሣጥን «ዓ.ም.» ብሎ እንዳለ መጻፍ የተሻለ ነው።

የዓይነት ክፍፍል

ለዘፈን ዓይነት በመጀመሪያው መለያ የተሰጠው አንድ ባይት ብቻ ስለ ነበረ ጸሓፊው ቃል አይጽፍም ነበር፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር ቍጥር ይመርጣል። ዝርዝሩ 80 ዓይነቶች ነበሩት፤ ከ«ብሉዝ» ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመዱ ናቸው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭ ያለው የዓለም ዜማ አብዛኛው ሊጠጋ የሚችለው በ48ኛው ቍጥር «ኤትኒክ» በተባለው ሥር ነበር። የጎንደር አዝማሪ፣ የወሎ መንዙማ፣ የዶርዜ የሕብረት ዘፈንና የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ በአንድ ቃል ሥር ተጠቃለሉ ማለት ነው። ኋላ የመጡት እትሞች የፈለጉትን ቃል ለመጻፍ ቢፈቅዱም፣ ብዙ ፕሮግራሞች አሁንም ይህንኑ ዝርዝር ለምርጫ ያቀርባሉ።

የመርካቶ ባለሱቅ ግን የራሱ ክፍፍል አለው። «የድሮ» እና «የአሁን» ብሎ በዘመን፣ «የሠርግ» ብሎ በአገልግሎት፣ «የጎንደር»፣ «የወሎ»፣ «የጉራጌ» ብሎ በአገርና በሕዝብ ይለያል። ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት በዚህ ሰፈር መንዙማና መዝሙርም በየበኩላቸው የታወቀ ደንበኛ አላቸው። በውጭ አገር ሰው ዘንድ ስሕተት የሚመስል ቃልም ይገኛል፤ በኢትዮጵያ «ክላሲካል» ማለት ቃል የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ዜማ ማለት ነው። በ80ው ዝርዝር ውስጥ ግን 32ኛው «ክላሲካል» የአውሮፓን የሊቃውንት ሙዚቃ ያመለክታል። ስለዚህ በክራር ወይም በሳክስፎን የተሠራ የትዝታ ዜማ ከቤትሆቨን ጋር ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል።

የዜማ ሊቃውንት ደግሞ በቅኝት ይለያሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ትዝታ» የቅኝቱም ስም፣ የዘፈኑም አርእስት፣ የስሜቱም ስም ነው። «ትዝታ» የሚል አርእስት ያላቸው ዘፈኖች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም ዘፋኝ በራሱ ግጥምና ስልት ይዘፍነዋል። በአርእስት ብቻ ተመርቶ ድርብ ፋይል እንዲያጠፋ የታዘዘ ፕሮግራም እነዚህን እንደ አንድ ቈጥሮ አንዱን ብቻ ሊያስቀር ይችላል።

ከእነዚህ ክፍፍሎች መካከል አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ባለሱቁ የሚለየው ደንበኛው በሚጠይቀው መንገድ ነው፤ ሊቁ የሚለየው ዜማው በተሠራበት መንገድ ነው። ለባህል ጥናት ሁለቱም ማስረጃ ናቸው። ስለዚህ አገልግሎት፣ ቅኝት፣ አገርና ቋንቋ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቀው ከሚጻፉ ይልቅ፣ ተጠቃሚው ራሱ ስም በሚያወጣላቸው ልዩ ሣጥኖች ለየብቻ ቢጻፉ ይሻላል። አዲሱ የመለያ ሥርዓት ይህን ይፈቅዳል።

መሣሪያዎቹና አሠራራቸው

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ፕሮግራሞች በሦስት ክፍል ሊታዩ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፍ ማረሚያዎች ናቸው። ከእነዚህ የታወቀው «ኤም.ፒ.3 ታግ» የተባለው የጀርመናዊው ፍሎሪያን ሃይደንራይክ ሥራ ነው። ብዙ ፋይሎችን በአንድ ሰንጠረዥ አሳይቶ አንድን ስም በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ለማረም ያስችላል፤ የፋይሉን ስም ወደ መለያ፣ መለያውንም ወደ ፋይል ስም ይገለብጣል። ባለሱቁ «ዘፋኝ፣ ሰረዝ፣ አርእስት» በሚል ወጥ ሥርዓት የሰየማቸው 500 ፋይሎች ካሉ በአንድ ትእዛዝ መለያቸው ይሞላል። ሥርዓቱ ወጥ ካልሆነ ግን ስሕተቱም በአንድ ትእዛዝ 500 ጊዜ ይባዛል።

ሁለተኞቹ ዘፈኑን ራሳቸው ለይተው ስም የሚሰጡ ናቸው። «ሙዚክብሬንዝ» የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ መዝገብ «ፒካርድ» የሚባል ፕሮግራም አለው። ይህ ፕሮግራም ከዘፈኑ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያህሉን መርምሮ እንደ ሰው የጣት አሻራ ያለ የድምፅ አሻራ ያወጣል፤ አሻራውንም ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። መልኩን ሳይሆን ድምፁን ስለሚመረምር «ትራክ 07» የተባለውን ፋይል እንኳ ሊያውቀው ይችላል። ነገር ግን የሚያውቀው አስቀድሞ ሌላ ሰው ያስመዘገበውን ብቻ ነው። በውጭ አገር በሲዲ እንደ ገና የታተሙት ሥራዎች በቀላሉ ይገኛሉ፤ በአዲስ አበባ በካሴት ብቻ ወጥተው የቀሩት ግን አሻራቸው ከመዝገቡ ከሌለ አይታወቁም። ደግሞም የካሴት ማጫወቻ ፍጥነት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የዜማው ቁመት አብሮ ስለሚለወጥ፣ የተመዘገበውም ሥራ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ሦስተኞቹ አደራዳሪዎች ናቸው። መለያውን አንብበው ፋይሎቹን በየዘፋኙ፣ በየአልበሙና በየዓመቱ በፎልደር ይከፋፍላሉ። «ቢትስ» እና «ፉባር 2000» የተባሉት ከእነዚህ ይቈጠራሉ። የእነርሱ ሥራ ሁሉ በመለያው ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ከላይ የተዘረዘሩት የስም፣ የዓመትና የዓይነት ስሕተቶች እዚህ ላይ ፍሬያቸውን ያሳያሉ። ፕሮግራሙ ተራ ይሠራል፤ ተራውን የሚያውቅ ግን ሰው ነው።

የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም

ከሁሉም ሣጥኖች ባዶ ሆነው የሚገኙት የግጥም ጸሓፊና የዜማ ደራሲ ሣጥኖች ናቸው። ይህ የመሣሪያው ጕድለት አይደለም። ሣጥኖቹ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አሉ። ጽሑፉም በካሴቱ ሽፋን ላይ ነበረ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያልተሻገረው በመገልበጡ ሰዓት የሚጽፈው ሰው ስላልነበረ ነው። ዘፈኑን የሚሰማው ሕዝብ ዘፋኙን በድምፁ ያውቀዋል፤ ገጣሚውንና ዜማ ደራሲውን ግን ከጽሑፍ በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ የመለያው መጥፋት ዘፋኙን ሲያደበዝዘው ደራሲውን ፈጽሞ ይሰርዘዋል።

ይህ ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለኑሮም የሚተርፍ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የተደነገገው አዋጅ ቍጥር 410 የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በ2007 ዓ.ም. አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቍጥር 872 ደግሞ የመብት ባለቤቶች ክፍያቸውን በጋራ በሚያስተዳድር ማኅበር አማካይነት እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው «አውታር» የተባለው በስልክ የሙዚቃ መሸጫም ሥራው ለባለቤቱ ገቢ እንዲያመጣ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ክፍያ ሊሰበሰብ የሚችለው የማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። አንድ ዘፈን በሬዲዮ ወይም በስልክ ሺህ ጊዜ ቢሰማ፣ በፋይሉ ውስጥ የደራሲው ስም ከሌለ፣ ገንዘቡን ለማን እንደሚከፍሉ የሚያውቁ የሉም። የመብት ሕግ በወረቀት ይጻፋል፤ የሚሠራው ግን በእነዚህ ትንንሽ ሣጥኖች ነው።

ለተመራማሪ የሚጠቅም ሥርዓት

ወደ መርካቶ ሄዶ የዜማ ክምችት የሚሰበስብ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የመጣለትን ፋይል ሳይነካ አንድ ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ ይገባዋል። በባለሱቁ የተጻፈው ስሕተት ራሱ ሰዎች ዜማን እንዴት እንደሚጠሩና እንደሚለዩ የሚያሳይ ማስረጃ ስለ ሆነ፣ ከመታረሙ በፊት መመዝገብ አለበት። እርማቱም በሌላው ቅጂ ላይ ይደረጋል።

ካሴት ከተገኘ ከኤም.ፒ.3 ይልቅ ባልተጨመቀ ድምፅ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር የሚመክረው ዝቅተኛ መጠን በሰከንድ 48,000 ናሙና በ24 ቢት ነው። ኤም.ፒ.3ው ለማዳመጫ ያህል ከዚያ ይወጣል። የካሴቱ ሽፋን በፊትም በኋላም ፎቶግራፍ ተነሥቶ በመለያው የሥዕል ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ጽሑፉን የሚገለብጠው ሰው ቢሳሳት እንኳ የሚመጣው ተመራማሪ ዋናውን ለማየት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሣጥኖቹ ይሞላሉ፤ ዘፋኝ በሁለቱም አጻጻፍ፣ አርእስት በግዕዝ ፊደል፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ባንድ፣ አሳታሚ፣ ዓመት ከነአቈጣጠሩ፣ ቅኝት፣ አገልግሎት፣ አገርና ቋንቋ። ያልታወቀው ሣጥን በግምት ከሚሞላ ባዶውን ቢቀር ይሻላል፤ ባዶ ሣጥን ሌላውን ሰው ይጠይቃል፤ በግምት የተሞላው ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል። በማስታወሻው ደግሞ ፋይሉ ከምን ዓይነት ዕቃ፣ በየትኛው ቀንና በማን እጅ እንደ ተገለበጠ ይጻፋል። ፋይል ስለሚበላሽና መለያውን የማያነብ ፕሮግራም ስላለ፣ ይህ ሁሉ ከፋይሉ ውጭ በተለየ መዝገብ ውስጥ በድጋሚ መስፈር ይገባዋል።

በመጨረሻም ሥራው ከኮምፒዩተሩ ፊት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በካሴት ንግድ የቈዩ ነጋዴዎች ዘፈኑን ማን እንደ ደረሰው፣ በየትኛው ባንድ እንደ ታጀበ፣ የመጀመሪያው ኅትመት መቼ እንደ ወጣ በቃላቸው የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። ይህ እውቀት በየትኛውም ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የለም፤ የድምፅ አሻራ የሚያወጣ ፕሮግራምም ሊያገኘው አይችልም። ነጋዴውን ጠይቆ፣ የተናገረውን ከሽፋኑ ጋር አስተያይቶ፣ በየሣጥኑ የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ፣ ዜማው ሲሰማ ቢኖርም የደራሲዎቹ ስም ከነጋዴው ጋር አብሮ ያልፋል።